የጧቱ፣ የቀትሩና የማታው ክኒን በዘጠኝ ሰዓት

ፖሊሶች ከቁሐር ሚካኤል ይዘው የወሰዱን በነሐሴ፣ ጭቃው ከጉልበታችን ሳይደርቅ ነው። መሬታችን ለግብር በቀላድ ገመድ አይለካም ብለን ነበርና። ወረታ እስር ቤት ያስገቡን ክፍል ወለሉ ውኃ ያቋተ ነበር፤ ስንቀመጥ ይበርዳል፣ ስንቆም ትንኝ ይበላናል። እኔ እንደሁ ድሮም መቀመጥ አልችል፤ ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ ሰዉን አሰለቸሁት።

ዳኛ ፊት የሚናገሩልን አንድ ሽማግሌ አብረውን ታስረው ነበር። ሲይዟቸው ጎድናቸውን በቆመጥ ብለዋቸው፣ እንኳን መናገር መተንፈስ አቅቷቸዋል። ቀጠሯችን ደግሞ ደርሷል። ከጤና ጣቢያ ድሬሰር መጣና የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጣቸው።

«ጧት አንድ፣ ቀትር አንድ፣ ማታ አንድ። እንዳይደራርቡ፣ ያደነዝዛል። አረቄም እንዳይቀምሱበት» አላቸው።

ሽማግሌው እሺ አሉ። ግን ፍልሰታ ነው! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውኃ አይቀምሱም። «ለበሽተኛ ይፈቀዳል እኮ፣ አባቴ» ብላቸው፣ «ለሌላው ይፈቀድ» አሉኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሦስቱንም ባንዴ ዋጡና ከቤት በተላከላቸው አረቄ አወራረዱት።

«ምን ታፈጣለህ? የቀኑን በቀኑ ነው የወሰድሁ» አሉኝ።

ሕመሙ ለቀቅ ሲያደርጋቸው ይቀልዱብን ጀመር፤ ብዙም ሳይቆዩ አንቀላፉ። ሰዉ «እሰይ፣ ይረፉ» አለ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ባዳምጥ፣ አንዴ ተነፈሱ ስል ሌላው ትንፋሽ ይዘገያል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። በሩን በጡጫ ደበደብሁት።

«ተኝቶ ነው፤ አርፈህ ተቀመጥ!» አለ ዘበኛው።

«እየሞቱ ነው! በእመብርሃን፣ ድሬሰሩን ጥራው!»

እየተነጫነጨ ሄደ። ድሬሰሩ እየሮጠ ገብቶ ቀና አድርጎ አስደገፋቸው። «ጥሯቸው! እንዳይተኙ!» አለን። እየተፈራረቅን ስንጠራቸው፣ ፊታቸው ላይ ውኃ ስንረጭ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን ያንጫጫችኋል?» አሉ። አለቀስሁ።

በማግሥቱ ጧት፣ ድሬሰሩ ፈቅዶላቸው፣ ውኃ ጠየቁኝና አንዷን ክኒን ብቻ ዋጡ። ዘበኛው በበሩ ቀዳዳ አይቶ ሳቀ።

«ጾም ገደፍህ፣ ሽማግሌ?»

ጎድናቸውን ይዘው ቀና አሉ። «አዎ፣ ገደፍሁ። ሞቼ አልገላግላችሁም። ዳኛ ፊት የምናገረው አለኝ።»

ቀርበውም ተናገሩ። መፈረዱስ ተፈረደብን፤ ግን ተናግረዋል።

ዛሬ እኔም ወገቤን ሲያመኝ እንዲያ ያለ ክኒን ይሰጡኛል፤ ጾምም ቢሆን ሰዓቷን ጠብቄ አንዷን እውጣለሁ። የልጅ ልጆቼ የሚስቁብኝ በሌላ ነው፤ ቤት ውስጥ ሰው ካንቀላፋ፣ ሄጄ ትንፋሹን ሳላዳምጥ አልቀመጥም።