ወደ በር የሚጥለው ወንበር

ጋሽ ማርሽን ያወቅኳቸው በተሰበረ መርፌ ነው። እኔ ልብስ ጠጋኝ ነኝ፤ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ። አንድ ቀን እሳቸው ጥቁር ሌዘር በብብታቸው ይዘው፣ የተሰበረውን መርፌ መዳፋቸው ላይ አድርገው መጡና ከዚህ የወፈረ አለሽ ወይ አሉኝ። ምን ሊሰፉበት እንደሆነ ብጠይቃቸው የመኪና ወንበር አሉ። የምስቅባቸው መስሏቸው ነው መሰለኝ ቶሎ ብለው እየተማርኩ ነው አሉ። በዚያ ዕድሜ እየተማርኩ ነው የሚል ሰው ሰምቼ ስለማላውቅ መርፌውን ሰጥቼ እኔም ተከተልኳቸው። ቤታችን አንድ ሰፈር ነው፣ ግን እስከዚያ ቀን ከሰላምታ አልፈን አናውቅም ነበር።

ማርሽ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የታክሲ ረዳቶች ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዱት ሚኒባስ ነው። ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ በቀኝ እግራቸው ያነክሳሉ፤ ሲሄዱ ታዲያ ቀኝ እጃቸው ዝም አይልም፣ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ይላል። የሰፈራችንን ዳገት ሲወጡ ያየ ሰው "አሁን ሁለተኛ አስገቡ" ይላል። እሳቸውም ይስቃሉ።

ሚኒባሷ የታናሽ ወንድማቸው ናት። እናታቸው ስትሞት ወንድምየው ገና ልጅ ስለነበር ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አድጎ መኪና ሲገዛም የነዱለት እሳቸው ናቸው። አሁን ሌሎችም መኪኖች አሉት፤ እነሱ ሁሉ የመጡት ከዚያችው መኪና ነው። ወገባቸው እምቢ ሲል ሐኪሙ ከመሪ ይውረዱ አላቸው። እሳቸው አልወርድም አሉ። ወንድምየው እየተመላለሰ ለመናቸው፣ በመጨረሻ ቁልፉን ተቀብሎ ለሌላ ሹፌር ሰጠ።

ባለቤታቸው እትዬ እንደነገሩኝ ከዚያ በኋላ ሰውየው ቤት ውስጥ የሚሆኑት ጠፋቸው። ጠዋት ይነሱና ጃኬታቸውን ለብሰው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። እትዬ ደግሞ አፋቸው አያርፍም፣ "ተሳፋሪ እስኪሞላለት ነው" ይላሉ ለጎረቤት።

የወንበሩ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። የሚኒባሷ ወንበሮች ተቀዳደው ሽቧቸው የሰው ቀሚስ ይይዝ ነበር። ጋሽ ማርሽ ወንድማቸው ዘንድ ሄደው ለሌላ ሰው ከምትሰጥ እኔ ቤቴ ላልብሳቸው አሉት። ወንድምየውም መጀመሪያ የሹፌሩን ሞክር፣ ካማረልህ የመኪናዋ በሙሉ፣ ከዚያም የሌሎቹ መኪኖች ያንተ ናቸው አላቸው። ለእሳቸው ይቺ ቃል ትልቅ ነበረች። ሥራው ብቻ አይደለም። ከመኪኖቹ ሳይለዩ መቅረት ነው።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። ወንበሩ በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መሀል ገባ፤ እትዬ ሳጥኑን ለመክፈት በላዩ መንጠራራት ግድ ሆነባቸው። ጋሽ ማርሽ የድሮውን ልብስ በምላጭ ስፌት ስፌቱን ፈቱት፣ ቁርጥራጩን ካርቶን ላይ ዘርግተው በእስክሪብቶ ዙሪያውን አሰመሩ። የእትዬ ማሽን የልብስ ማሽን ነው፣ ሌዘር ሲያይ ያጉረመርማል። የመጀመሪያውን ልብስ ልክ በመስመሩ ላይ ቆረጡት፤ ለስፌት የሚሆን ትርፍ ረስተው ነበር። ወንበሩ ላይ ሊያጠልቁት ሲጎትቱት ትከሻው ላይ ቀረ። እትዬ አይተው "ይሄማ የሕፃን ልክ ነው፣ ልጅ ልንወልድ ነው እንዴ?" አሏቸው።

እኔ በየዳሩ የአውራ ጣት ስፋት ይተዉ አልኳቸው። እንደገና ቆረጡ። ከዚያ በኋላ አልተሳሳቱም። የማያውቁት ነገር ሲገጥማቸው የድሮውን ያዩና እንደሱ ያደርጋሉ። አሮጌው ያስተምረኛል ይሉኝ ነበር።

ስፖንጁንም እንደዚያው አደረጉት። የድሮው ስፖንጅ በበሩ በኩል ሰምጦ ሳስቷል፣ በቀኙ በኩል ግን ከፍ ብሏል። እሳቸው የመኪና ወንበር ሲፈጠር እንደዚያ መስሏቸው አዲሱን በቢላ እየላጩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው እየዳበሱ ልክ እንደ ድሮው አወጡት። በማስቲሽ አጣበቁት፣ ልብሱን ወጥረው በሽቦ አሰሩት፣ ሽቦውን በፒንሳ ጠመዘዙ። እንከን የለውም። ተቀመጡበትና ወገቤን አላመመኝም አሉ። ከዚያ በላስቲክ ሸፈኑት፤ ሹፌሩ ሳይቀመጥበት ማንም አይቀመጥበትም ብለው እትዬን እንኳ ከለከሉ።

በጋሪ አስጭነው መኪኖቹ የሚያድሩበት ግቢ ሲወስዱት አብሬያቸው ሄድኩ። ወንድምየው ነበር፣ አዲሱ ሹፌርም ነበር። ወንበሩን አይተው ሁለቱም አደነቁ። ሹፌሩ ብሎኑን አሰረና መኪናዋን ይዟት ወጣ፣ ዞሮ ተመለሰ። ግን ቶሎ አልወረደም፣ አንገቱን ያካል።

"ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወንበሩ ወደ በር ይጥለኛል።"

ጋሽ ማርሽ አቀማመጡን ስላላወቅክበት ነው አሉት። ቀረብ ብለውም አሳዩት፦ ክርንህን መስኮቱ ላይ አድርግ፣ ቀኝህን አቅልለው፣ አዎ እንደሱ። ልጁ እንዳሉት አደረገ። ያን ጊዜ ሁላችንም አየነው። ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ እሳቸው የሚነዱት እንደዚያ ወደ በሩ ጋደል ብለው ነበር፣ የድሮው ስፖንጅም የሰመጠው በእሳቸው ልክ ነው። ወንድምየው መጀመሪያ ሳቀ።

"አንተ ሰውዬ፣ የራስህን ቂጥ ነው እኮ የሰፋኸው።"

ረዳቶቹ ሳቁ። ጋሽ ማርሽም ሰው ሲስቅ አብረው የሚስቁ ሰው ናቸውና ሊስቁ ጀመሩ። ወንድምየው ግን መሳቁን ተወ።

"ስንቴ ውረድ ብዬ ለመንኩህ" አላቸው። "ይኸው አሁንም አልወረድክም።"

ጋሽ ማርሽ ስፖንጁን አውጥቼ ላስተካክለው፣ ልብሱ ደህና ነው፣ የግማሽ ቀን ሥራ ናት አሉት። ትከሻቸውን ያዝ አድርጎ "በቃ ወንድሜ፣ አንተ አርፈህ ተቀመጥ" አላቸው። በክፋት አይደለም ያለው፣ ለሽማግሌ እንደሚባለው ነው። የሰው ልጅ ከዚያ ስድብ ቢሰማ ይሻለዋል መሰለኝ። ወንበሩ እዚያው ተፈታ፣ ለመኪናዋ ሌላ ይገዛላታል ተባለ። ሌሎቹን ወንበሮች በሙሉ ወንድምየው ገበያው ጀርባ ላሉት ወንበር አልባሾች ሰጣቸው።

ጋሪው ወንበሩን መልሶ ጭኖ ፊት ፊት ሄደ፣ እኛ ከኋላ። ዳገቷን ስንወጣ ቀኝ እጃቸውን አየሁት። ዝም ብሏል።

ወንድምየው ከዚያ ወዲህ ቤታቸው አልመጣም። ሰዎች ያሳደገውን ልጅ በወንበር አጣው እያሉ ያወራሉ። እትዬ ይሄን ሲሰሙ ይናደዳሉ። "ያጣውስ ድሮ ነው፣ ወንበሩ ነገረን እንጂ" ይላሉ።

ጋሽ ማርሽ ግን መስፋቱን አልተዉም። የአትክልት ሻጯን በርጩማ አልብሰዋል፣ የአንድ መልእክተኛ ሞተር ኮርቻም ሠርተዋል፣ ሁለቱም ቀጥ ያሉ ናቸው። አሁን ሳይጨርሱ በፊት ወፍራምም ቀጭንም እየጠሩ ያስቀምጡና ወዴት ይጥላል ብለው ይጠይቃሉ። የኔ ልክ አይታመንም ይላሉ። ባለ መኪና ግን እስካሁን አልመጣላቸውም፤ ወሬው ቀድሟቸዋል።

ይሄን ያነበባችሁ፣ እባካችሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ከጎሚስታው አልፋችሁ ዳገቷን ስትጨርሱ በሩ ላይ የሚኒባስ ወንበር ያለበት ቤት ነው፣ አይጠፋችሁም። የተቀደደ ወንበር ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ባይኖራችሁም ሂዱ። ለእንግዳ የሚያቀርቡት በርጩማ ነው፤ ያንን ወንበር እሳቸው ተቀምጠውበት መንገዱን ያያሉ፣ ሚኒባሷም በዚያ ነው የምታልፈው። እናንተ ግን አንዴ ልቀመጥበት በሏቸው። ከተነሱላችሁ ክርናችሁን የበሩ መቃን ላይ አድርጉ፣ ቀኛችሁን አቅልሉት። እንደዚያ ሲሆን አይጥልም።