ጡሩምባ ፍለጋ ወደ ምናለሽ ተራ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ከአቃቂ በሰቃ ተነስቼ ወደ መርካቶ ጉዞ ጀመርኩ። ሰው መርካቶ የሚሄደው ሊገዛ ወይም ሊሸጥ ነው። እኔ የሄድኩት በገዛ እጄ አውጥቼ የሰጠሁት የአባቴ ጡሩምባ ተቀጥቅጦ ሳያልቅ ለመድረስ ነው። አባቴ ቢሾፍቱ ያለች እህቱን ሊጠይቅ ሄዷል፤ የሚመለሰው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ዕቃው ቦታው ላይ መገኘት አለበት።

አባቴ የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ተነስቶ በየመንደሩ ይነፋል፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራዬ የሚለው ይህንኑ ብቻ ነው። የእድሩ ኮሚቴ በየዓመቱ «ስልክ እያለ ጡሩምባ ምን ያደርጋል?» ይላል። እሱም «ስልክ የሚያነሳ አለ፣ የማያነሳ አለ። ጡሩምባ ግን ሁሉም ይሰማል» እያለ እስከ ዛሬ ረትቷቸዋል። ጡሩምባው ጠፋ ማለት ክርክሩም አለቀ ማለት ነው።

ጥፋቱ እንዲህ ሆነ። እናቴ ጡሩምባው ቤት ውስጥ እንዲታይ አትፈልግም፤ ሟርት ነው ትላለች። ስለዚህ አባቴ በጨርቅ ይጠቀልልና ማዳበሪያ ውስጥ ከትቶ፣ ጓሮ ከተከመረው አሮጌ ብረት መሃል ይሸጉጠዋል። እኔ ደግሞ ቤቱን ላጸዳላቸው ብዬ ትናንት ከቱሉ ዲምቱ መጣሁ። አሮጌ ብረትና ጠርሙስ የሚገዛው ቆራሌው በበር ሲያልፍ ጠራሁትና የጓሮውን ክምር በሙሉ፣ ማዳበሪያውን አፉ እንደታሰረ ጨምሬ፣ አሸከምኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዛሬ ጠዋት እናቴ ጓሮ ወጥታ «እዚህ የነበረው ማዳበሪያስ?» ስትለኝ ቀልቤ ተገፈፈ። ይባስ ብሎ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ በጠና ታመዋል፤ ትናንት የንስሐ አባታቸው መጥተው ነበር።

2፡40፣ አቃቂ

ቆራሌዎቹ ሁሉ ዕቃቸውን የሚያራግፉት አንድ ግቢ እንደሆነ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር ያውቅ ነበርና ቀጥታ እዚያ አደረሰኝ። የግቢው ባለቤት እትዬ ጫልቱ ይባላሉ። አባታቸው ጤፍ ያርሱበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ የሚዘራው ቁርጥራጭ ብረት ነው።

«ብረቱ ያውልሽ» አሉኝ በአገጫቸው ክምሩን እያሳዩኝ። «ነሐስ ግን እኔ ጋ ብዙ አይቆይም። ማለዳ በአይሱዙ ምናለሽ ተራ ሄዷል።»

«ጡሩምባ ነበረበት?»

«ነበረበት እንጂ! ሠራተኞቼ ሊነፉት ሲሉ ነው ከእጃቸው የነጠቅኩት። ሰው ሳይሞት ይነፋል እንዴ?»

«የእድር ዕቃ መሆኑን ካወቁ ታዲያ ለምን ሸጡት?»

«አንቺስ ለምን ሰጠሽ?»

እንዲህ ቢሉኝም አልጨከኑብኝም። ሐጂ ኑሪ የሚባሉ ነሐስ ቀጥቃጭ እንድፈልግ ነገሩኝ። «ዕቃው ቦታ እንዳይዝባቸው ሳይውል ሳያድር ነው የሚደፈጥጡት። ጀባዱ፣ በርቺ፣ ቶሎ በይ!» ብለው ወደ በሩ ገፋ አደረጉኝ።

3፡20፣ ቃሊቲ

የታክሲው ረዳት «ቃሊቲ አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ሲል ሮጬ ገባሁ፤ ውስጥ ገና አራት ወንበር ባዶ ነበር። ታክሲው እስኪሞላ፣ ከዚያም ከባድ መኪኖቹ መንገድ እስኪለቁልን ጥፍሬን በላሁ። ቃሊቲ ባቡር ጣቢያ ስደርስ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ወጥቷል። ባቡሩ ዐርባ ደቂቃ ቆይቶ መጣ። ትኬቱ ከታክሲ ቢረክስም ዋጋው በጎን አጥንት የሚከፈል ነው፤ እስከ ሳሪስ ድረስ የአንድ ሰውዬ ክርን ጎኔ ላይ ነበር።

ስታዲየም ስንደርስ ለእናቴ ደወልኩ።

«ጋሽ ደምሴስ?»

«መናገር አቁመዋል» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አገኘሽው?»

«ገና ባቡር ላይ ነኝ።»

«ወይ አንቺ ልጅ» ብላ ዘጋችው። ዐርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን አሥር ዓመት ተሰማኝ።

5፡10፣ ምናለሽ ተራ

አውቶቡስ ተራ ወርጄ ሁለት ሳምቡሳ ገዛሁ፤ አንዱን ቆሜ በላሁ፣ ሌላው አልወርድ አለኝ። ከዚያ በእግሬ ወደ ውስጥ ዘለቅሁ። ምናለሽ ተራ ሌላው ከተማ የጣለው ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜ የሚያገኝበት የመርካቶ ጥግ ነው። በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ ጎማ ጫማ ይሆናል፤ የመኪና ሞላ ተስሎ ቢላዋ ይሆናል። አያቴ በሕይወት ሳለ ማጭድ የሚገዛው እዚሁ ነበር ይባላል። ሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ አደንቅ ነበር። ያን ዕለት ግን የመዶሻ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የሚመታው የአባቴ ጡሩምባ እየመሰለኝ ወደ ድምፁ እዞር ነበር። ድምፁ ደግሞ ከግራም ከቀኝም ነው። ተሸካሚዎች «ዞር በይ! ዞር በይ!» እያሉ ያጣድፉኛል። ስለ ሐጂ ኑሪ ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት አቅጣጫ ተጠቆምኩ፤ ትክክሉ አራተኛው ሆኖ ተገኘ።

ሐጂ ቆርቆሮ በቆርቆሮ በሆነች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ጉልበታቸው መሃል ትልቅ ብረት አስቀምጠው መዶሻ ያሳርፋሉ። ከመዶሻው ስር ያለውን አወቅሁት። ሰፊው አፉ እንደ ቂጣ ተደፍጥጧል።

«ሐጂ፣ ይተዉት! የእድር ነው!» ብዬ ጮህኩ።

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ስጨርስ እያለቀስኩ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ትንሽ ቀደም ብትዪ» አሉ ነሐሱን እያገላበጡ። «መልኩን እመልስልሻለሁ። ስለ ድምፁ ግን ማንም ቃል አይገባልሽም።»

ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ያሞቁታል፤ እንጨት ከተው ቀስ እያሉ ይከፍቱታል፤ ያቀዘቅዙታል፤ መልሰው ያሞቁታል። አንዴ ጠርዙ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ሲሮጥ ሁለታችንም አየነው። ሐጂ ወዲያው በየዱት።

ሲያልቅ «እስቲ ይንፉልኝ፣ ድምፅ እንዳለው ልወቅ» አልኳቸው። ይህን ስል አጠገባችን ያለው መዶሻ ሁሉ ዝም አለ።

«እዚህ?» አሉ ሐጂ። «ማንን ልትቀብሪ ነው? ቤትሽም ስትገቢ እንዳትሞክሪው። ሞት ሳይጠራው አይነፋም።»

እውነታቸውን ነው። ይህን ለእኔ ለጡሩምባ ነፊው ልጅ መንገር አልነበረባቸውም። የነሐሱን ዋጋ ብቻ ወስደው የእጃቸውን አልቀበልም አሉ።

9፡30፣ መልስ

በባቡሩ ጡሩምባውን በነጠላዬ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቅፌዋለሁ። አሠራሁት ብዬ ደስ እንዳይለኝ ድምፁን አላውቅም። ለማወቅ ደግሞ አንድ ሰው መሞት አለበት። ሳሪስ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሽ ደምሴ አረፉ» አለች እናቴ።

ጋሽ ደምሴ በልጅነቴ ሸንኮራ ሰንጥቀው የሚሰጡኝ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ግን እሳቸው አይደሉም፤ «ነገ ባይነፋስ?» የሚለው ነው። እንባው ዘግይቶ መጣ፤ አፈርኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈር ስደርስ አባቴ መርዶውን ሰምቶ ቀደም ብሎ ተመልሷል፤ ባዶው ጓሮ ላይ ቆሟል። በመንገድ ያዘጋጀሁትን ሰበብ ትቼ ነጠላውን ፈታሁና ያደረግሁትን ተናገርኩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም፤ የብየዳውን ጠባሳ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳበሰው።

«ነገ ይለያል» ብሎ ገባ።

እሑድ፣ ጎህ ሲቀድ

ተከተልኩት። ጥጉ ላይ ቆሞ ሲነፋ የወጣው ባዶ ትንፋሽ ነበር። ደረቱን ሞልቶ ደገመው፤ ወፍራም፣ የሻከረ፣ ከበፊቱ የተለየ ድምፅ ወጣ። የአንዱ ቤት በር ተከፈተ፤ ቀጥሎ የማዶው። ሰዎች ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡና «ማነው? ማን አረፈ?» አሉ። አባቴ ስሙንና ሰዓቱን ተናገረ። ስለ ድምፁ አንድም ሰው አልጠየቀም። ዕድሜዬን በሙሉ በዚያ ድምፅ እየነቃሁ፣ ለማን እንደሚነፋ ልብ ያልኩት ያን ጠዋት ነው፤ ለሟቹ ሳይሆን በሩን ለሚከፍተው ነው።

ሰፈሩን ዞረን ስንጨርስ «ድምፁ ሻክሯል፣ አባዬ። ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ሰው ወጥቷል አይደል?» አለኝ። «ተራዬ ሲደርስ ለእኔም ይኸው ይበቃል።»

ጡሩምባውን አስይዞኝ ወደ ለቅሶው ቤት ገባ።