ዓይን ያላት ድሮን

ሥራዬ ሠርግ መቅረጽ ነው። ባለፈው ጥር ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ድሮን ሳስነሳ የሙሽራው አጎት፣ «ልጄ፣ ከመብራቱ ሽቦ አርቃት፤ የኛን ነፋስ አታውቀውም» አሉኝ።

«አይዞዎት አባቴ፣ እሷ ዓይን አላት» ብዬ ሳቅሁ።

ዓይኗ ለካ ቀጭን ሽቦ አያይም! ነፋሱ ገፍቶ ወሰዳትና ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ሽቦ ላይ ተንጠለጠለች። መብራቱም ድርግም አለ።

ሮጬ ስደርስ ወፍጮው ቆሟል። እህላቸው ግማሽ ላይ የቀረባቸው ሴቶች የድሮኗን ባለቤት ይራገማሉ። እኔም መሀላቸው ገብቼ፣ «የት ያደገ ባለጌ ነው!» እያልሁ አብሬ ተራገምሁ።

ወዲያው አንድ ጎልማሳ ሊያወርዳት ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ይዞ መጣ። እርጥብ እንጨት! ዝም ብል ሰው መሞቱ ነው።

«ተው፣ እንዳትነካ! መብራት ቢጠፋም ሽቦው ይገድላል!» ብዬ ጮህሁ። ሰውየው እንጨቱን ጣለ።

አጠገቤ የቆሙ አሮጊት፣ «ተባረክ! ይሄን ከየት አወቅኸው?» አሉኝ።

«በሬዲዮ ሰምቼ ነው፣ እናቴ።»

ይኼኔ የድሮኗ መቆጣጠሪያ ቦርሳዬ ውስጥ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ።

አሮጊቷ ጆሯቸውን ወደ ቦርሳዬ አዘነበሉና ፈገግ አሉ። «ሬዲዮህ እሱ ነው?»