የለፈለፍኩት ስም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም በየዓመቱ ሌላ ሌላውን ኃጢአት እየዘረዘርኩ ይህን ብቻ ዘልዬዋለሁ። አንተን አላውቅህም፤ አንተም አታውቀኝም። ስለዚህ ስማ። እንድታዝንልኝ ብዬ አይደለም። ብታዝንልኝ እናደዳለሁ።

እኔ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ፤ የመሀል ሜዳ ሰው። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ለታወቀ ክለብ ተጫውቻለሁ። በወረቀት ላይ የመጋዘን ሠራተኛ እባል ነበር፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ግን ለእግሬ ነበር። ተመልካቹ «ኃይሉ ኳሱ ሳይደርሰው መላ ሜዳውን ያያል» እያለ ያወድሰኝ ነበር። እውነት ነው፣ አያለሁ። ግን ማን አስተማረኝ? አንድ ጋዜጠኛ ይህንኑ ቢጠይቀኝ «ተፈጥሮ ነው» ብዬ መለስኩለት። ተፈጥሮ! ምነው ያኔ ምላሴ በተሳሰረ።

ያስተማረኝ ደምሰው ነው። ደምሰው የቀጥቃጭ ልጅ ነበር፤ አባቱ ባገራችን ሞላሌ ገበያ ላይ ማረሻና ማጭድ ይሸጣሉ። አንድ ክፍል ነበር የምንማረው፤ ሁለታችንም መሀል እንጫወታለን። «ኳሱ ወዳንተ ሲመጣ ኳሱን አትይ፤ መጀመሪያ ሰዉን እይ» ይለኝ ነበር። ስሳሳት እየሳቀ፣ ሳይሰለች፣ እንደገና ያሳየኛል። ከእኔ ይበልጥ ነበር። ይህችን ለመጻፍ ዕድሜዬን ፈጀሁ። ከእኔ ይበልጥ ነበር።

ያገሬ ሰው ከቀጥቃጭ ማረሻ ይገዛል፤ ማዕድ ግን አይቋደስም። ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይላል። ሜዳ ላይ ስንሆን ይህ ነገር ተረስቶ ነበር፤ ደምሰው ኳስ ሲያቀብል የማን ልጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ያስታወስኳቸው እኔ ነኝ።

አንድ የጥቅምት ሰሞን የስፖርት አስተማሪያችን፣ ከአዲስ አበባ አንድ አሰልጣኝ ደብረ ብርሃን መጥቶ ተጫዋች እንደሚመርጥ ነገረን። ከእኛ ትምህርት ቤት አንድ የመሀል ተጫዋች ብቻ ይሄዳል፤ እሱም ደምሰው ነው አለ። በሁሉም ፊት አለው። እኔም ከሌሎቹ ጋር አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ከልምምድ ስንመለስ እኔና ደምሰው ከአባቴ ማሳ ገብተን እሸት ባቄላ እየፈለፈልን በላን። እሱ ሲበቃው ተወ። እኔ ሆዳም ነኝና እሱ ካቆመም በኋላ በላሁ፤ በላዩ ላይ የምንጭ ውሃ ገለበጥኩበት። ቤት ስደርስ ሆዴ ተነፋ፤ ቁርጠቱ መሬት ላይ አንከባለለኝ። እናቴ ስትጮህ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት እያሸተቱኝ፣ አጎቴ በላዬ ቆመው «ማነው የበላህ? ተናገር» ይሉኝ ጀመር። በእኛ አገር ቡዳ የበላው ሰው ራሱን ስቶ ይለፈልፋል፤ የቡዳውም ስም በበሽተኛው አፍ ይወጣል ተብሎ ይታመናል።

እኔ ራሴን አልሳትኩም። ይህን በደንብ ስማኝ። አእምሮዬ የጠራ ነበር። ያመመኝ ባቄላው መሆኑን አውቃለሁ። ደብረ ብርሃንንም አስታውሳለሁ። ዓይኔን ገለባበጥኩ፣ ድምፄን ቀየርኩ፣ «ደምሰው ነኝ፣ ደምሰው ነኝ» እያልኩ ለፈለፍኩ። በሽታው አይደለም ያለው። ሰይጣንም አይደለም። እኔ ነኝ ያልኩት፤ አስቤ፣ መርጬ፣ አውቄ።

ሄደው እየጎተቱ አመጡት። በላ የተባለው ሰው እትፍ ሲልበትና ሲራመደው በሽተኛው ይድናል ይባላልና እንደዚያ አድርግ ብለው አዘዙት። አባቱ ደጅ ቆመው ይለምናሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ደምሰው በላዬ ጎንበስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ኃይሉ፣ ባቄላው እኮ ነው። አብረን በልተናል። ንገራቸው» አለኝ።

ምን አደረግኩ? ይበልጥ ጮኽኩ። እትፍ አለብኝ፤ ተራመደኝ። ጥቂት ቆይቶ ቁርጠቱ ሲያልፍልኝ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ፤ ቤት ሙሉ ሰው «አያችሁ አይደል» ተባባለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ሜዳ ላይ ለደምሰው ኳስ የሚያቀብል ጠፋ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና እግሩ ወለም ያለውም፣ ራሱን ያመመውም በደምሰው አሳበበ። አስተማሪው የከተማ ሰው ነው፣ የተማረ ነው፣ በቡዳ አያምንም፤ ግን ለሰላም ሲባል ብሎ ደምሰውን አስቀርቶ እኔን ይዞ ሄደ። እረግመዋለሁ። እሱን መርገሜ ግን ለእኔ ምን ያቀልልኛል? ደብረ ብርሃን ላይ ኳሱ ወደ እኔ ሲመጣ መጀመሪያ ሰዉን አየሁ። አሰልጣኙ ወዲያው መረጠኝ። ደምሰው በዚያው ዓመት ትምህርቱን ትቶ የአባቱን ወናፍ ይነፋ ጀመር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ አልጠራም፤ እንዲጠራ አልፈቀድኩም።

በኳስ ስሜ ከታወቀ በኋላ፣ በአንድ የዕረፍት ጊዜ፣ ዘመድ ልጠይቅ ሞላሌ ሄድኩ። በገበያው ቀን ከአጎቴ ጋር ስንዘዋወር ደምሰው ማጭድ ዘርግቶ ተቀምጦ አገኘሁት። ብድግ ብሎ ጨበጠኝ። ጨዋታችንን በሬዲዮ እንደሚከታተል፣ ስሜ ሲጠራ ደስ እንደሚለው ነገረኝ። ደስ ይለኛል አለኝ፣ ለእኔ! አጎቴ ክንዴን ጎተት አድርገው፣ ገበያተኛው እየሰማ፣ «ራቅ በል ልጄ። ያኔ የበላህ ይሄ አይደል?» አሉ።

በዙሪያችን ያለው ሰው ወደ እኛ ዞረ። ደምሰው አየኝ። አልተቆጣም፤ ጠበቀኝ። አሁን ልጅ አይደለሁም፤ የሚወስድብኝ ቦታ የለም፤ የምፈራው ሰው የለም። «አይደለም» ብል ያበቃ ነበር።

እኔ ግን ፈገግ ብዬ፣ «ተዉት ጋሼ፤ እኔ ይቅር ብዬዋለሁ» አልኩ።

ይቅር ብዬዋለሁ! ሰዉ እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው እያለ መረቀኝ። አንዲት ባልቴት እጄን ሳሙኝ፤ እኔም አልከለከልኳቸውም። ደምሰው ተቀመጠና ማጭዶቹን እየሰበሰበ ጆንያው ውስጥ መክተት ጀመረ። ገበያው ገና አልሞቀም ነበር።

የመጀመሪያውን በልጅነት፣ በቁርጠት፣ በቅናት ላሳብብ እችል ይሆናል። የገበያውንስ በምን? ደምሰው ሞቷል። ልጆቹ ዛሬም በአባታቸው ስም ይፈራሉ፤ ጋብቻ ሲጠየቅ የእኔ ታሪክ ይነሳባቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ። አባታችሁ ማንንም አልበላም ብዬ አንድ ቀን እንኳ ደጃቸው አልቆምኩም።

ይቅርታ አልለምንህም። እኔ ይቅርታን ለበደልኩት ሰው፣ በገበያ መሀል፣ እንደ ቸር ሰጥቼ ተመርቄበታለሁ። ከዚያ በኋላ ማሩኝ የምልበት አፍ የለኝም።