የሴትዮዋ ዳጣ

ጅቡቲ የገባሁት የኤርትራ ጦርነት አሰብን በዘጋብን ዓመት ነው። አባቴ ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ፈረንሳይኛ ከልጅነቴ ስሰማ አድጌያለሁ፤ አዲስ አበባ ደግሞ ሕግ ተምሬያለሁ። የአገራችን ዕቃ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ወደብ ዞሮ ነበርና ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ የሕግ ሰው በጣም ይፈለግ ነበር። አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ ጠበቃ ቀጠረኝ። ቢሮው ሰው እስከ ዛሬ ፕላስ ምኒልክ ከሚለው አደባባይ ጀርባ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደንበኛ ገባና ከጠረጴዛዬ ኋላ ተቀምጬ፣ ብዕር ይዤ እያየኝ፣ "ሻይ አምጪልኝ" አለኝ። በዚያ ከተማ አበሻ ሴት ማለት የሰው ቤት ሠራተኛ ማለት ነበር። ተነሥቼ አመጣሁለት። ይህን የማነሳው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእነዚያ ሴቶች ጋር መንገድ ላይ እንኳ አማርኛ ማውራት ተውኩ፤ ከእነሱ እንዳልቆጠር ፈራሁ። በኋላ የሠራሁትን የሠራሁት በዚህ ፍርሃት ይመስለኛል።

ሥራዬ የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ነበር። ክብሪት ላይ ያለው አንበሳ የማን ነው፣ ሳሙና ላይ ያለችውን ጨረቃ ማን ቀድሞ ያዛት፣ እንዲህ ያለ ነገር። ሽማግሌው ጡረታ ወጥቶ አገሩ ሲገባ ቢሮው ለእኔ ቀረ።

አንድ ቀን ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር የሸቀጥ መደብር ያላት ሐረሪ ሴት መጣች። ቤተሰቦቿን ከድሬዳዋ ስለማውቃቸው እንደ አገራችን ልማድ አንቺ እንባባል ነበር። ደግ ሴት ናት። ታምሜ ስተኛ ሾርባ ልካልኛለች። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ጠርሙስ ዳጣ አስቀመጠች። ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርትና ከበሶብላ ጋር ተፈጭቶ፣ ቀይ ሆኖ ያብረቀርቃል። በየመኖች ዓሣ ቤት ከሚጠበሰው ዓሣ ጋር የቀመሰው ሰው ሁሉ ሌላ ጠርሙስ ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ሻሽ ያሰረች ሴት ተስላለች፤ ገበያተኛውም "የሴትዮዋ ዳጣ" ይለዋል።

"ይህች ማን ናት?" አልኳት።

"ቤቴ የምትሠራው ልጅ ናት። ከአርባ ምንጭ ነው የመጣችው፤ ሙያውም የእሷ ነው። ሠዓሊው ከፎቶዋ ላይ ሳላት።"

"እሺ ብላለች?"

"ስታየው ሳቀች። ከዚህ በላይ ምን እሺ አለ?"

"ፊርማዋ ያስፈልጋል። የሕያው ሰው መልክ ያለ ፈቃዱ አይመዘገብም።"

"እህቴ፣ ልጅቷ የመኖሪያ ወረቀት የላትም። ማኅተም ያለበት ነገር ካየች ሊያባርሯት መስሏት ትጠፋብኛለች። አንቺ መላ አታጪም።"

ሰባት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረም። የዕለቱ ጫት ከተማ ከገባ በኋላ ሰው ሁሉ ለመቃም ስለሚሄድ መዝገብ ቤቱ ይዘጋል፤ ቸኩያለሁ። ስለ ምስሉ ማብራሪያ በሚጠይቀው መስመር ላይ በፈረንሳይኛ "ከምናብ የተሳለች ሴት" ብዬ ጻፍኩ። ሠዓሊው ግራ ቅንድቧ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንኳ አልዘለለም ነበር። ጠባሳዋን እያየሁ ነው የጻፍኩት።

ስድስት ዓመት ያህል አለፈ። ልጅቷ ስታረግዝ ባለመደብሯ ከቤት አስወጣቻት። ሃያብለ በሚባል የከተማው ዳር ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራየችና ወልዳ ስትነሳ ዳጣዋን ራሷ ትሠራ ጀመር። እዚያው ሠዓሊ ዘንድ ሄዳ ያንኑ መልክ አሳለች። ለእሷ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሰው የሚፈልገው የሴትዮዋን ዳጣ ነው፣ ሴትዮዋም እሷ ናት። ባለመደብሯ ግን የምዝገባ ምስክር ወረቀቷን ይዛ በየሱቁ እየዞረች የልጅቷን ጠርሙሶች ከመደርደሪያ አስወረደች።

ሽማግሌዎች ገቡና ፍርድ ቤት ከመመላለስ በግልግል ይጨረስ ተባለ። ሁለቱም እኔን መረጡ። ባለመደብሯ የመረጠችኝ ስለምታውቀኝ ነው። ሌላይቱ ለምን እንደመረጠችኝ አልጠየቅሁም።

የግልግል ዳኛ ከመቀመጡ በፊት የሚፈርምበት አንድ ወረቀት አለ፤ በጉዳዩ ቀድሞ እጁ እንደሌለበት ያረጋግጣል። ፈረምኩ። በዚያው ሰሞን ለአንድ ትልቅ የግልግል ዳኞች ዝርዝር ታጭቼ ነበር። የጻፍኩት ሐሰት ቢወጣ ዝርዝሩ ብቻ ሳይሆን የጥብቅና ፈቃዴም አብሮ ይሄዳል። ለራሴ ግን እንዲህ አላልኩም። እኔ ብተወው ልጅቷ አማርኛ በማይሰማ ሰው እጅ ትወድቃለች አልኩ።

በቀጠሮው ቀን ልጇን አዝላ መጣች። መብራት ጠፍቶ ስለነበር መስኮቶቹ ተከፍተው የበረሃው ንፋስ አቧራውን ጠረጴዛው ላይ ያለብሰዋል። ጠርሙሱን አንስታ ከጉንጯ አጠገብ ያዘችው።

"እዩኝ፣ እትዬ። ከዚህ ሌላ ማስረጃ የለኝም። ጠባሳው ይኸውልዎት፤ ልጅ ሆኜ ወድቄ ነው።"

ባለመደብሯ ብድግ አለች። "መነገድ ማን አስተማረሽ? ሜዳ ላይ ስትቀሪ ማን አስገባሽ? ጠርሙሱስ የማን ነበር?"

"ጠርሙሱ የእርስዎ ነው፣ ማዳም። እጁ የእኔ ነው።"

መዝገቡን ገለጥኩና ረጋ ባለ ድምፅ፣ ራሴን ሳይቀር ባስገረመኝ ድምፅ፣ ውሳኔዬን ነገርኳት። "ሕጉ የሚያየው መዝገቡን ነው። ዳጣሽን ሠርተሽ መሸጥ ትችያለሽ፤ የሚከለክልሽ የለም። ስሙንና ይህን ምስል ግን መጠቀም አትችዪም።"

"መልኬን?"

"ምስሉን።"

"ታዲያ መልኬን ምን ላድርገው?"

ጸሐፊዬን "ቀጥዪ" አልኳት። ጸሐፊዬ ጻፈች። ሽማግሌዎቹ ማንም ባዶ እጁን አልወጣም ብለው መረቁኝ።

ስሜ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከዝርዝሩ ገባሁ፤ የመርከብ ኩባንያዎችና አስመጪዎች ጉዳያቸውን ያመጡልኝ ጀመር። በየስብሰባው እየተጋበዝኩ ስለ ፈጣሪዎች መብት ንግግር አደረግሁ። ሻይ አምጪ የሚለኝ ቀረ። ዓሣ ቤት ስገባ ግን ጠርሙሱን ከጠረጴዛው እንዲያነሱልኝ እጠይቅ ነበር። ቃር ይዞኛል እላቸዋለሁ።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው አዲሱ ባቡር ሥራ በጀመረበት ዓመት ባለመደብሯ አርጅታ ምልክቱን ለአንድ የውጭ ምግብ ፋብሪካ ልትሸጠው ተስማማች። የገዢዎቹ ጠበቃ በጥንቃቄ የተጻፈ ደብዳቤ ላከልኝ። በመዝገቡ ላይ የምትታየው ሴት በእርግጥ ከምናብ የተሳለች መሆኗን በፊርማዬ እንዳረጋግጥ ይጠይቃል። ወረቀቱን አራት ቀን አስቀመጥኩት። በአምስተኛው ቀን ታክሲ ይዤ ሃያብለ ሄድኩ።

ቤቷን ያሳዩኝ ጎረቤቶቿ ናቸው። ደጃፏ ላይ፣ በውሃ በርሜሎቹ ጥላ፣ ቃሪያ ትቀነጥስ ነበር። ጠርሙሶቿ ላይ ምንም ወረቀት የለም። የሚገዟት የእኛ አገር የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው፤ ፒኬ 12 በሚባለው የጭነት መኪና ማቆሚያ ሲቆሙ ሰው ልከው ያስመጣሉ። ቅንድቧ ያለ ዕድሜዋ ሸብቷል። አወቀችኝ፤ በርጩማ አወጣችልኝ።

የመጣሁበትን ነገርኳት። በዚያ ቅጽ ላይ ምን እንደጻፍኩ፣ ማን እንዳልኳት፣ እያወቅሁ እንደፈረድኩባት። ከቃሪያው ቀና አላለችም።

"አውቀዋለሁ" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካንቺ ዘንድ ከመምጣቴ በፊት። አንድ ፈረንሳይኛ የሚያነብ ሰው መዝገቡን አስገልብጦ ተረጎመልኝ። ከሥር የማን ፊርማ እንዳለም ነገረኝ።"

ያን ቀን ቢሮዬ ውስጥ እርስዎ ትለኝ ነበር። አሁን አንቺ ስትለኝ አልደነቀኝም።

"እያወቅሽ ለምን እኔን መረጥሽ?"

"ራስሽ ትናገሪዋለሽ ብዬ ነዋ። ሽማግሌ ፊት፣ መልኬን እያየሽ ዝም ትያለሽ ብዬ አላሰብኩም። የአገሬ ልጅ አይደለሽ?" የቀነጠሰችውን ቃሪያ ወደ ሳህኑ ገፋ አደረገችው። "ስትፈርጂ እንኳ እጠብቅ ነበር። ሸኝተሽኝ በር ላይ ስትደርሺ እንኳ።"

ይቅርታ ጠየቅኋት። ጸሐይ እንዳይመታኝ በርጩማውን ወደ ውስጥ እንድስበው ነገረችኝ።

በማግስቱ ለጠበቃው መለስኩ፤ ሴትዮዋ ከምናብ አይደለችም፣ በሕይወት አለች፣ ፈቃዷንም የጠየቃት የለም ብዬ በፊርማዬ አረጋገጥኩ። እንዲህ ስል ነገሩ የሚቃና መስሎኝ ነበር። ገዢዎቹ ነጋዴዎች ናቸውና መፍትሔው አልጠፋቸውም። ሥዕሉን ጣሉና በምትኩ አንድ ቀይ ቃሪያ አደረጉበት፤ "የሴትዮዋ" የሚለውን ስም ግን ገዙት። ባለመደብሯ በእርጅናዬ አዋረድሽኝ ብላ ዳግመኛ ሰላም አላለችኝም። ከጠበቆች ማኅበር ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ሳይነጥቁኝ እኔ መለስኩላቸው። ከግልግል ዝርዝሩም ወጣሁ። ለእሷ ከዚህ ሁሉ የደረሳት አንድ ነገር ቢኖር፣ አሁን መልኳን ጠርሙሷ ላይ ብታትም የሚከሳት አለመኖሩ ነው።

ሄጄ ልነግራት ድፍረት አጣሁ። ከእሷ ዳጣ ለሚገዛ አንድ ሾፌር ነገሩን አስረድቼ መልእክት ላክሁባት። ከሳምንት በኋላ ሲመለስ ፕላስ ምኒልክ አገኘሁትና ምን እንዳለች ጠየቅሁት።

"'ሰምቻለሁ በላት' አለችኝ" አለ።

"ሌላስ?"

"ይኸው ነው። ሥራ ላይ ነበረች።"