ሰባት ሰዓት ላይ አሥራ ሦስት ዲግሪ

ቅዳሜ ጠዋት ከዲላ ወደ ዱመርሶ የተነሣሁት፣ አንዲት ሴት በእርግጥ ዋሽታ እንደሆነ በዓይኔ ለማየት ነው።

ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የተማርኩት ለብቻዬ፣ ስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው። መሠረቱን ጨርሼ ዘንድሮ መረጃ ማጥራትና መተንተን ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬን የሰጠኝ ዲላ ያለ አንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት ነው። በማጠቢያ ሳይቶቹ ቡና የሚደርቅባቸው አልጋዎች ሙቀት በቀን አራት ጊዜ በደብተር ይመዘገባል፤ ቢሮ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጠዋል፤ የእኔ ፕሮግራም ይመረምረዋል።

መዝገባቸው ከደረሰኝ አምስት መዝጋቢዎች የዱመርሶዋ የወይዘሮ ብርቄ መዝገብ የማይሆን ነገር አሳየኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ 29 ዲግሪ፣ በቀትር ሰባት ሰዓት ላይ 13። አንድ ቀን ቢሆን እተወው ነበር፤ በየቀኑ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ታምራት “ቤቷ ተቀምጣ የሞላችው ነው። ሰኞ ስሟን በጽሑፍ ላክልኝ፣ ሌላ ሰው እንተካለን” አሉኝ። ደብዳቤውን አዘጋጀሁ። ነገር ግን አይቻት የማላውቃትን ሴት እንጀራ በአንድ ፋይል መቁረጥ ከበደኝ።

1፡20፣ ዲላ መናኸሪያ

የይርጋጨፌ ሚኒባስ ታሪፍ 120 ብር ነው። ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ረዳቱ ከላይ እንዲጫን ጠየቀኝ፤ እምቢ አልኩ።

“እንግዲያው እሱም ይከፍላል!” አለ፤ ከኋላ ያሉት ሳቁ።

ከወናጎ በኋላ መንገዱ ቁልቁለትና ዳገት እየተቀያየረ ይሄዳል። ከታች እንሰት፣ በመካከል ቡና፣ ከላይ ዋንዛና ብርብራ። ፀሐይ ወጥታም ጭጋጉ ከሸለቆው አልለቀቀም። መስኮቱ አልገጥም ብሎ ጣቶቼ ደነዘዙ። በዚህ ሰዓት 29 ዲግሪ ብሎ መጻፍ ምን ዓይነት ድፍረት ነው ብዬ አሰብኩ።

3፡00፣ ይርጋጨፌ

ቆጮ በጎመን 80 ብር በላሁ። ከዚያ በ100 ብር ሞተር ያዝኩ። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ እሸት ቡና የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ያለብሰናል።

4፡00፣ ዱመርሶ

ሳይቱ ተዳፋት ላይ ነው። በረድፍ የተሠሩት አልጋዎች ላይ ሴቶች ጎንበስ ብለው የተበላሸ ፍሬ ይለቅማሉ። ወይዘሮ ብርቄ ማን እንደሆነች ስጠይቅ፣ ደብተር በብብቷ የያዘች፣ ዕድሜዋ አርባ ገደማ የሆነች ሴት አሳዩኝ። ከቢሮ መምጣቴን ነገርኳት።

“ቆይ፣ ሰዓቴ ደርሷል” አለችኝ። አልጋው እግር ላይ ወደተሰቀለው ሙቀት መለኪያ ጎንበስ አለች፤ ደብተሩን ገልጣም “10” ብላ ጻፈች፤ ከጎኑ “21”።

“እትዬ ብርቄ፣ አሁን እኮ አራት ሰዓት ነው” አልኳት።

“ለእኔና ለአንተ አራት ነው። ለዚህ ዕቃ አሥር ነው።”

ጎንበስ ብዬ አየሁ። መለኪያው ሰዓትም አለው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 10፡00 ይላል።

“ስልጠናው ላይ ምን አሉን?” አለች። “ዕቃው ያሳየውን ጻፉ፣ ከራሳችሁ አንዳች አትጨምሩ። ሌሎቹ በልባቸው እየቀየሩ ይጽፋሉ። እኔ ቀይሪ አልተባልኩም።”

ደብተሩን ተቀብዬ ገለጥኩ። የእያንዳንዱ ቀን ጽሑፍ በሰባት ይጀምራል፤ ቀጥሎ አሥር፣ አንድ፣ አራት። በእኛ አቆጣጠር ልኬቱ የሚወሰደው በአንድ፣ በአራት፣ በሰባትና በአሥር ነው። አራቱም ቁጥሮች ያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ይለያያል። ፕሮግራሜ ደግሞ ገና ፋይሉን እንደከፈተ ሰዓቱን ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረድራል። ለስህተቱ ብቸኛ ምስክር የነበረውን ቅደም ተከተል ያጠፋሁት እኔው ነኝ። የእሷ ሰባት ሰዓት ማለዳ ነው፤ 13 ዲግሪውም የማለዳው ብርድ።

ፊቴን አይታ ገባት መሰለኝ። “ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው?”

ነገርኳት።

“ስሜን ጽፈሃል?”

“ጽፌያለሁ።”

“ልከሃል?”

“አልላክሁም።”

በነጠላዋ ጫፍ የመለኪያውን መስታወት ጠረገች። “ሁለት ልጆች ነው በዚህ የማስተምረው። መጠየቅ ይከብዳል እንዴ? ስልኬ ደብተሩ ሽፋን ላይ ተጽፏል እኮ።”

ተጽፏል። ይቅርታ ጠየቅኳት።

ከአልጋው ማዶ የምትለቅም አንዲት ሴት “ብርቄ፣ ኮምፒውተሩን ጠዋት ጠዋት እዚህ ይገትሩት! ብርዱን ይየው!” አለች። ሴቶቹ ሳቁ፤ ብርቄም ሳቀች። እኔ ዘግይቼ ሳቅሁ።

የቀትሩን ልኬት ሳልወስድ እንድሄድ አልፈቀደችም። ሰዓቱ ሲደርስ እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። “1” ጻፍኩ፤ “28” ጻፍኩ።

“ፊርማ” አለች። ፈረምኩ።

12፡15፣ ዲላ

ቤት እንደገባሁ ሰዓቱን የሚደረድረውን የኮድ መስመር ወደ ታች አወረድኩት። ከሱ በፊት ሁለት ፍተሻ ጨመርኩ፤ አንዱ የቀኑ መዝገብ በየትኛው ቁጥር እንደሚጀምር ያያል፣ ሌላው ቀትሩ ከማለዳው ከቀዘቀዘ ፕሮግራሙን አቁሞ የመዝጋቢውን ስልክ ቁጥር ያሳያል። የብርቄን ሰዓት ቀይሬ የአምስቱንም መዝገብ በአንድ ላይ ሳስኬደው፣ የእሷ አንድም የጎደለ ልኬት የለውም። ከሌሎቹ እንዲህ የሆነ የለም።

እስከዚህ ጉዞ ድረስ በዚህ ሙያ ማደግ የሚመስለኝ ረጅሙን ኮድ ማሳጠር ነበር። አሁን ፋይል ስከፍት ምንም ሳልነካ የመጀመሪያዎቹን ሃያ መስመሮች አነባለሁ፤ ያልገባኝ ቁጥር ካለ የጻፈውን ሰው እጠይቃለሁ።

ሰኞ ጠዋት ለአቶ ታምራት “የሚሰናበት ሰው የለም፤ የፕሮግራሙ ስህተት ነው” ብዬ ጻፍኩ። ሳልልከው አጠፋሁትና እንደገና ጻፍኩ፦ “የሚሰናበት ሰው የለም፤ ስህተቱ የእኔ ነው።” የብርቄን ደብተር ፎቶ አያይዤ ላክሁ።

ከምሳ በፊት መለሱልኝ፦ “እሺ። ብርቄ ትቀጥላለች። አንተም ና፣ ገና ያላየሃቸው የሬኮና የአሪቻ ሳይቶች ደብተሮችም አሉ።”