መጥረቢያው ከየት መጣ?

ቴሌቪዥን ሽታ የለውም። እንዲያም ሆኖ በቅርቡ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መካነ ሰላም ከመናኸሪያው በታች ባለው የከድር ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን ውስጥ ገብስ በበሬ ሲበራይ ሳይ፣ የተረገጠ ጭድና የትኩስ ደም ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶት የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

ድራማው ሲጀምር «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። የሰዎቹን ስም ቀይረውታል፣ ቦታውንም ሌላ አድርገውታል፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ካቻምና ወደ ትውልድ ቀበሌያችን ወርደው ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ እንደ ሰነበቱ ስለምናውቅ፣ የኛው አገር ግድያ መሆኑን ለመለየት ሁለት ክፍል አልፈጀብንም። ገዳዩ አባቴ ተሰማ ነው። የተገደለው አስፋው ደግሞ፣ ያን ዕለት ከጎኔ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ የነበረው የእህል ነጋዴው የሙሉጌታ አባት ነው።

ቤታችን ከመካነ ሰላም በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት አስፋውና አጎቴ፣ የአባቴ ወንድም፣ በወሰን ድንጋይ ተጣልተው፣ ዝናብ እየወረደባቸው በዱላ ሲደባደቡ አጎቴ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወደቀ፣ በሦስተኛውም ቀን ሞተ። አስፋው ለመግደል አስቦ እንዳልመታ ሁሉም ያውቅ ነበር። አያቴ ግን ልጇ የሞተበትን ሸሚዝ ሳታጥብ ከነደሙ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው፣ እኛም ከሥሩ ተቀምጠን እንበላ ነበር። ጣሪያው ሲያፈስ ሸሚዙ እየረጠበ ይሸት ነበር፤ እናቴ ልታወርደው እጇን በዘረጋች ቁጥር አያቴ እጇን በዱላ ትመታት ነበር።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ የሰው ምላስ መጣ። ያኔ በአገራችን ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ተመልካች ግን ሞልቶ ነበር። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነበር፣ የጎረቤቱን ሁሉ ሞፈርና ቀንበር እየጠረበ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ነበር። በምንጩ በኩል ሲያልፍ ሴቶቹ «ተሰማ፣ ና እንስራ እናሸክምህ!» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ በሠርግ ቤት ጠላው ለእሱ የሚቀዳው ለጎረምሶቹ ከተዳረሰ በኋላ ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይጠጣና ቀድሞ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

ልጆቼን እውነት ተናገሩ እያልኩ ስለማሳድግ እኔም የራሴን መናገር አለብኝ። እኩዮቼ «የፈሪ ልጅ» ብለው ከጨዋታ ሲያስወጡኝ እያለቀስኩ ቤት ገብቼ «አባዬ፣ ለምን አትገድለውም?» አልኩት። በጥፊ መታኝ፣ ደጅ ወጥቶም እስኪመሽ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አገሩ ሁሉ የተናገረውን ችሎ ነበር፤ የኔን ግን የቻለው አይመስለኝም።

በታኅሣሥ፣ ገብሱ ታጭዶና ተከምሮ አውድማ ሲጀመር፣ አባቴ አንድ ረፋድ ጠራኝና የማገዶ እንጨት ሸክም ጀርባዬ ላይ አሰረልኝ። «በሸለቆው በኩል ውጣና ከአስፋው ክምር ኋላ አስቀምጠው። ማንም እንዳያይህ። እኔ በፊት ለፊት እመጣለሁ» አለኝ። ስራመድ በእንጨቶቹ መሐል የቀዘቀዘ ብረት ጀርባዬን ይነካኝ ነበር። ምን እንደ ተሸከምኩ አላወቅሁም ነበር ብል እዋሻለሁ። አውቄአለሁ፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

ከክምሩ ኋላ ሆኜ አየሁ። ሙሉጌታ ጅራፍ ይዞ በሬዎቹን ይነዳ ነበር፣ አባቱ ጭዱን በመንሽ ያገላብጥ ነበር። አባቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ቀስ እያለ መጣ። አስፋው መንሹን እንደ ጦር ይዞ ጥቂት ካየው በኋላ መሬት ላይ ተከለውና «ተሰማ፣ ለእርቅ ነው?» አለው። አባቴ ክምሩን ዞሮ ወደኔ መጣ፣ እንጨቱን ፈትቶ መጥረቢያውን አወጣ፣ በሌላው ጎን ዞሮም ወጣ።

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ ሲያርፍ እርጥብ ግንድ ሲፈለጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበረው። አስፋው አልጮኸም፤ አባቴን እንደ መገረም ብሎ አየውና ሁለተኛውን በእጁ ሊመልስ ሲሞክር ሁለት ጣቶቹ ገብሱ ላይ ወደቁ። ሦስተኛው አንገቱ ሥር ገብቶ ያዘ፣ አባቴም እግሩን ደረቱ ላይ ተክሎ ሲነቅለው ደሙ እስከ ክምሩ ተረጨ። በሬዎቹን የሚያቆማቸው ስላልነበረ መዞራቸውን ቀጠሉ፣ ደሙ ሲሸታቸው እያጓሩ የወደቀውን ሰው ረገጡት። ቶሎም አልሞተም። ውኃ ለመነ። የውኃው እንስራ እኔ ከተደበቅሁበት ክምር ጥላ ሥር ነበር፤ አልተነቃነቅሁም። አባቴ «ዘራፍ!» ብሎ ጀመረና ድምፁ ተሰብሮ ጎንበስ ብሎ አስታወከ።

ማታውን አያቴ ሸሚዙን አውርዳ አጠበችው። አባቴን በእንስራ ይስቁበት የነበሩት ሴቶች እልል አሉ። እኩዮቼም በጨዋታ መሐል ቦታ ይለቁልኝ ጀመር፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ እቀመጥ ነበር።

አባቴ በማግስቱ ሄዶ እጁን ሰጠ፣ መጥረቢያውን በጋቢው ሥር ደብቆ እንደ ሄደም ተናገረ። ደሴ ታሰረ። የበልግ ዝናብ በጀመረበት ሰሞን ሸህ ሙሄና የደብሩ ቄስ አብረው ተቀምጠው ሁለቱን ቤተሰብ አስታርቀው ደሙን አደረቁ፤ በግ ታረደ፣ እኔና ሙሉጌታም በአንድ ገበቴ ውኃ እጃችንን ታጠብን። ሸህ ሙሄ «በሆዳችሁ የቀረ ካለ አሁን አውጡት፤ ነገ ፈጣሪ ጀሊሉ ይጠይቃችኋል» አሉ። ትልልቆቹ ማሉ። ልጅ አይምልምና እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፣ ዝም አልኩ። አባቴ ከስምንት ዓመት በኋላ ተፈቶ፣ ጥቂት ክረምት ከርሞ ሊሞት ሲል አስጠርቶኝ «አንተ የተሸከምከው እንጨት ነው። ሰማህ? እንጨት ብቻ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወደ ከተማ ወጣሁ። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፣ አናጢነትም ያስተማረኝ የለም። በመጋዝ ቆርጬ፣ በመላጊያ ልጌ፣ በመሮ ፈልፍዬ አልጋና ቁም ሣጥን እሠራለሁ፤ መጥረቢያ ግን ሱቄ ገብቶ አያውቅም። ሙሉጌታ ከደጎሎ የጫነውን ስንዴ አራግፎ ሲመጣ «እንዴት ዋልክ፣ መጥረቢያ የሌለው አናጢ!» እያለ ይቀልድብኝ ነበር፣ እኔም እስቅ ነበር።

ወደዚያ እሑድ ልመለስ። በስክሪኑ ላይ ተዋናዩ አንድ ጊዜ ብቻ መታ፣ ዋሽንት ተነፋ፣ ሟቹ ቀስ ብሎ እንደ ተኛ ሰው ወደቀ። የሚረግጡት በሬዎች አልነበሩም። ውኃም አልለመነ። ከድር ፎጣውን እያወናጨፈ «ወላሂ ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» አለ። አንድ የወረዳ ሠራተኛ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ግን አልገባኝም። ባዶ እጁን፣ በሸሚዝ ነው የመጣው። መጥረቢያው ከየት መጣ? ደራሲው ተሳስቷል።»

የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጄ ዮናስ ስልኩን ይዞ ከፊታችን ተቀምጦ ነበር። «ሁሉም የሚጽፈው ይህንኑ ነው» አለና አነበበ። «'መጥረቢያው ከሰማይ ወረደ እንዴ?' ይላል አንዱ።» ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ይህኛው ደግሞ፣ 'የሟች ልጅ ወንድ ከሆነ አሁንም አልረፈደም' ይላል። እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን አልምረውም ነበር።»

ልጄ ታሪኩ የማን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ደብቄዋለሁና። ሙሉጌታ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨምቆ እንደያዘ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «በጋቢው ሥር ነበር» አለ። ልጄ በአሥር ዓመቴ የተናገርኩትን ቃል መድገሙ ከሆዴ ገባ። «ሁለታችሁም ተነሡ» አልኩ።

ሱቄ ወስጄ በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አባቴን የተናገርኩትን፣ ሸክሙን፣ ብረቱን፣ እንስራውን። ዮናስ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሙሉጌታ ያላለቀ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አባቴ ዓይኑ ደካማ ነበር» አለ። «አባትህ ከሩቅ ሲመጣ 'አንተ ልጅ፣ የያዘው ነገር አለ?' ብሎ ጠየቀኝ። 'ባዶ እጁን ነው' አልኩት። መንሹን የተከለው እኔን አምኖ ነው። ከጋቢው ሥር ነበር ሲሉ ሳላይ የቀረሁ መሰለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አባቴን ያስገደልኩት እኔ ነኝ ስል ኖርኩ።» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ለካ ዓይኔ ደህና ነበር።»

«ይቅር በለኝ» አልኩት። እጄን ሳይጨብጥ ወጣ።

ሁለት ሳምንት አልመጣም። ዮናስም ድራማውን ማየት ተወ፤ እኔ አልከለከልኩትም። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ ሙሉጌታ በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በብብቱ ይዞ ገባ። ዮናስ መጋዙን ጥሎ ከፊቴ ሊቆም ሲል በእጄ ገፍቼ አስቀረሁት። ምቱ የሚገባኝ ከሆነ ልቀበለው ብዬ ነበር። ሙሉጌታ ጆንያውን ፈትቶ አንድ መጥረቢያ ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመ።

«የቤቴ መጥረቢያ ነው፤ እጀታው ተሰንጥቋል» አለ። «ሲሰበር ሁልጊዜ ለሌላ አናጢ ነው የምሰጠው። አሁን ግን አንተ ሥራልኝ።»

የወይራ እንጨት መርጬ እጀታውን ስልግ ዮናስ በሌላው ጫፍ ይዞልኝ ነበር፤ ሙሉጌታም እስክጨርስ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። ዛሬም እንደ ድሮው አገር ሁሉ ይፈርዳል፤ የምንጩ ሴቶች ስማችንን ያውቁ ነበር፣ የስልኩ ሰዎች አያውቁንም፣ የሚጠይቁት ግን ያንኑ ደም ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ያኔ መጥረቢያው በእንጨት ተሸፍኖ በልጅ ጀርባ ይሄድ ነበር፣ ያን ቀን ግን ሦስታችንም እያየነው ጠረጴዛው ላይ ራቁቱን ተጋድሞ ነበር።